የጀርመን ስደተኛ ቤተሰብን የዘር ሐረግ በጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን መዛግብት መከታተል፦ ዝርዝር መመሪያ

ከ1820 እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ድረስ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ጀርመናውያን አትላንቲክን ተሻግረው አሜሪካ ገብተዋል፤ ከዚያ በፊትም በ1683 ከክሬፌልድ ተነሥተው ፊላዴልፊያ አጠገብ ጀርመንታውን የተባለችውን ሰፈር ከመሠረቱት አሥራ ሦስት ቤተሰቦች ጀምሮ በፔንሲልቬኒያ በኩል የገቡት ብዙ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ ስደተኞች ዘር ጋር በጋብቻ የተሳሰሩ ኢትዮጵያውያን የልጆቻቸውን ሐረግ በአንድ ወገን እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ፣ በሌላው ወገን ግን «ቅድመ አያቱ ከጀርመን ነው የመጡት» ከሚለው ማለፍ ያቅታቸዋል። ይህ መመሪያ ከዚያ ዓረፍተ ነገር ተነሥቶ ወደ አንድ የታወቀ መንደር፣ ከመንደሩም ወደ አንድ የጥምቀት መዝገብ ገጽ መድረስ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በፕሩሲያ የተጀመረው ኦክቶበር 1 ቀን 1874 ሲሆን በመላው ጀርመን ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1876 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከጥቂት አካባቢዎች በቀር፣ የሰውን መወለድ፣ ማግባትና መሞት የሚጽፈው ቄሱ ነበር፤ የሚጽፈውም በአገር አቀፍ መዝገብ ሳይሆን በራሱ አጥቢያ መጽሐፍ ላይ ነው። ስለዚህ የቤተሰቡን ስም ብቻ ይዞ «ጀርመን ውስጥ» መፈለግ ውጤት የለውም፤ ሽሚት ወይም ሙለር የሚባል ቤተሰብ የሌለበት አውራጃ የለምና። የመንደሩ ስም ካልታወቀ ሥራው አይጀመርም፤ የመንደሩ ስም የሚገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው በጉጉት ተገፋፍቶ ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል፤ ጊዜ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው።

የመንደሩን ስም ከአሜሪካ ሰነዶች ማውጣት

በመጀመሪያ በቤት ውስጥ ያለውን ይሰብስቡ። የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ የፊትና የኋላ ገጾች፣ የጥምቀትና የቁርባን ምስክር ወረቀቶች፣ የቆዩ ደብዳቤዎች፣ ከፎቶግራፍ ጀርባ ያለው የፎቶ ቤት ማኅተም፣ ከጋዜጣ ተቆርጦ የተቀመጠ የሞት ማስታወቂያ፣ አንዳቸውም የማይናቁ ናቸው። በተለይ የፔንሲልቬኒያ ጀርመኖች በአበባና በወፍ ሥዕል ያሸበረቀ የጥምቀት ወረቀት የማዘጋጀት ልማድ ስለነበራቸው፣ ለጌጥ ተብሎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል የወላጆችን ስም፣ የእናትን የአባት ቤት ስምና የልደት ቀን ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ከዚያ ወደ ሕዝብ ቆጠራ ይሂዱ። በአሜሪካ ቆጠራ የቤተሰቡ አባላት ሁሉ በስም የተዘረዘሩት ከ1850 ጀምሮ ነው፤ የ1880ው እያንዳንዱ ሰው ለቤቱ አባወራ ምኑ እንደሆነና ወላጆቹ የት እንደተወለዱ ይጨምራል፤ የ1900ው ደግሞ የገቡበትን ዓመት ይነግራል። ከዚህ የመንደር ስም አይጠብቁ። «ፕሩሲያ»፣ «ባቫሪያ»፣ «ባደን» የሚል ካገኙ በቂ ነው፤ እሱም ቢሆን በጥንቃቄ የሚያዝ ነው፤ ምክንያቱም ፕሩሲያ በምዕራብ ከራይን ወንዝ ማዶ እስከ ምሥራቁ የሊቱዌኒያ ጠረፍ የተዘረጋች ስለነበረች ስሟ ብቻውን ምንም አያጠብም።

የመንደሩ ስም በብዛት የሚገኘው አሜሪካ ውስጥ በተመሠረቱት የጀርመንኛ ተናጋሪ አጥቢያዎች መዝገብ ነው። በኦሃዮ፣ በሚዙሪ፣ በዊስኮንሲንና በፔንሲልቬኒያ የነበሩ የሉተራን፣ የሪፎርምድና የካቶሊክ ቄሶች ብዙዎቹ ራሳቸው ከጀርመን የመጡ ስለነበሩ፣ የመንግሥት ጸሐፊ «ጀርመን» ብሎ ያለፈውን እነርሱ የመንደሩንና የአውራጃውን ስም አስገብተው ይጽፉ ነበር። አጥቢያውን ለማግኘት የጋብቻውን የመንግሥት ሰነድ ይመልከቱ፤ ያጋባው ቄስ ስም ተጽፎ ይገኛል፤ የቄሱን ስም በከተማው የዚያ ዘመን አድራሻ መጽሐፍ ውስጥ በመፈለግ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ያገለግል እንደነበር ማወቅ ይቻላል። አጥቢያው ተዘግቶ ከሆነ መጽሐፉ ወደ ተተኪው አጥቢያ ወይም ወደ ቤተ እምነቱ ቤተ መዛግብት ተዛውሯል፤ ለምሳሌ በ1847 የተመሠረተው የሚዙሪ ሲኖዶስ የተባለው የሉተራን ቤተ እምነት ቤተ መዛግብት ሴንት ሉዊስ ውስጥ ነው።

በአሜሪካው አጥቢያ ውስጥ ከጥምቀትና ከጋብቻ ይልቅ የቀብር መዝገቡን ያስቀድሙ። ቄሱ ሟቹን ሲቀብር የትውልድ መንደሩንና ዕድሜውን በዓመት፣ በወርና በቀን ቆጥሮ ይጽፍ ነበርና። ለምሳሌ አንድ ሰው ማርች 12 ቀን 1891 በ67 ዓመት ከ4 ወር ከ20 ቀኑ ሞተ የሚል ቢያገኙ፣ መጀመሪያ ዓመቱን ይቀንሱ፤ ማርች 12 ቀን 1824 ይሆናል። ቀጥሎ አራት ወር ሲቀነስ ኖቬምበር 12 ቀን 1823 ላይ ይደርሳል፤ ሃያ ቀን ሲነሣ ደግሞ ኦክቶበር 23 ቀን 1823 ይመጣል። ይህ ቀን በጀርመኑ የጥምቀት መጽሐፍ ውስጥ ትክክለኛውን ሰው ከስም ተጋሪዎቹ ለመለየት ያገለግላል። ቄሱ ሲቆጥር በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊስት ስለሚችል አጠገብ ያሉትን ቀናትም ይመልከቱ።

የፈለጉት ሰው መዝገብ ዝም ካለ ወንድሞቹን፣ እኅቶቹን፣ ጎረቤቶቹንና የልጆቹን የክርስትና አባቶች ይከተሉ። ጀርመናውያኑ የተሰደዱት በአመዛኙ ዘመድ ዘመዱን፣ የመንደር ሰው የመንደሩን ሰው እየጠራ ስለሆነ፣ የአንዲት እኅት የሞት ማስታወቂያ በጀርመንኛ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ የወንድሟን መንደር ሊያጋልጥ ይችላል።

የመርከብ ዝርዝርን በተመለከተ ብዙ ተስፋ ማድረግ አይገባም። ከሐምቡርግ የተነሡ መርከቦች ዝርዝር ከ1850 እስከ 1934 ያለው ተርፏል፤ የተሳፋሪውን የመጨረሻ መኖሪያ ስለሚጠቅስም እጅግ ጠቃሚ ነው። የብሬመን ዝርዝሮች ግን አብዛኞቹ ገና በዚያው ዘመን በቦታ ጥበት እየተባሉ ተወግደዋል፤ ከቀረውም ብዙው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፍቷል። በሌ አቭር፣ በአንትወርፕ ወይም በሮተርዳም የተነሣም ብዙ ነው። የቤተሰቡ ስም «ኤሊስ ደሴት ላይ ባለሥልጣኑ ቀየረው» የሚለው በየቤቱ የሚነገር ታሪክም አያሳስትዎት፤ ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ያለው ይህ የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ የተከፈተው በ1892 ሲሆን፣ ዝርዝሩም የሚዘጋጀው በመነሻው ወደብ ነበር። ስሞች የተለወጡት ቀስ በቀስ በመምህር፣ በጎረቤትና በራሱ በባለቤቱ እጅ ነው፦ ሙለር ሚለር፣ ሽሚት ስሚዝ፣ ኮኽ ኩክ፣ ዚመርማን ደግሞ በትርጉም ካርፔንተር ሆነዋል። በ1741 ከዛር አካባቢ ካርልስብሩን የመጣው የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር (Eisenhower) ቅድመ አያት ስም በጀርመንኛ አጻጻፍ Eisenhauer ነበር፤ የፕሬዚዳንት ሁቨር ቤተሰብም ቀድሞ ሁበር ይባል ነበር። ስለዚህ ስሙን በጀርመን አፍ እየሰሙ በልዩ ልዩ አጻጻፍ ይፈልጉት።

መንደሩንና አጥቢያውን መለየት

የተገኘው የመንደር ስም በጆሮ ተሰምቶ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ በደቡብ ጀርመንና በሳክሶኒ አነጋገር «በ» እና «ፐ»፣ «ደ» እና «ተ»፣ «ገ» እና «ከ» ስለሚቀራረቡ እነዚህን እያፈራረቁ ይሞክሩ። ዋናው መሣሪያ በ1912 የታተመው የማየርስ የቦታ ስሞች መዝገብ ነው፤ የጀርመን ግዛት ሰፊ በነበረበት ዘመን የነበሩትን ቦታዎች ስለሚይዝ ዛሬ በፖላንድ፣ በሩሲያ ወይም በፈረንሳይ ያሉትንም ያካትታል፤ በኢንተርኔትም በነጻ ይገኛል። ኖይሽታት ወይም ኖይኪርኸን የሚባል ስም ካጋጠመዎት ብዙ ተመሳሳይ ስለሚኖር፣ ከአሜሪካው መዝገብ ያገኙት የግዛት ወይም የአውራጃ ስም የግድ ያስፈልጋል።

መንደሩ ከታወቀ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ መንደሩ የራሱ ቤተ ክርስቲያን ነበረው ወይስ ወደ ሌላ መንደር ይሄድ ነበር የሚለው ነው። ትናንሽ መንደሮች ልጆቻቸውን ክርስትና የሚያስነሡት በጎረቤት አጥቢያ ነበር፤ በአንዱ መንደር ሉተራኑ ወደ ምሥራቅ፣ ካቶሊኩ ወደ ምዕራብ የሚሄድበት ጊዜም አለ። ስለዚህ የቤተሰቡን እምነት ሳይለዩ መጽሐፍ አይክፈቱ። ሜኖናውያን ሕፃን ስለማያጠምቁ ለእነርሱ የሕፃንነት ጥምቀት መዝገብ ጨርሶ አይጠበቅም።

ጀርመናውያን የተሰደዱት ወደ አሜሪካ ብቻ አይደለም። ከአንሃልት የመጣው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር በኢትዮጵያ ኖሮ ከኢትዮጵያዊት ልጅ ወልዷል፤ የልጁ ልጅ ማግዳሌና ሆል የተዋናዩ የፒተር ዩስቲኖቭ አያት ናት። እንዲህ ዓይነቱን ሐረግ የሚከታተል ሰውም ሥራው ያው ነው፤ የጀርመኑ ጫፍ የሚያዘው በአንሃልት አጥቢያ መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ የት እንዳለ ማወቅ

የፕሮቴስታንት መጽሐፎች በብዛት የሚገኙት በ2015 በተከፈተው አርኪዮን በተባለው የክፍያ ድረ ገጽ ነው፤ ክፍያው በጊዜ የሚወሰን ስለሆነ የመንደሩንና የዓመቱን ነገር ጨርሰው፣ ዝርዝር አዘጋጅተው መግባት ይበጃል። የካቶሊክ መጽሐፎች ብዛት ያላቸው ማትሪኩላ በተባለው ድረ ገጽ በነጻ ይታያሉ። ፋሚሊሰርች የተባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ በነጻ መለያ የሚከፈት ሲሆን፣ አንዳንዱ ምስል ግን የሚታየው በቤተሰብ ታሪክ ማእከሎቹ ወይም በተባባሪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያ ሲፈልጉ በሰው ስም ብቻ ሳይሆን በቦታ ስም የመጽሐፎቹን ማውጫ መክፈትን ይልመዱ፤ ያልተጠቆመ ብዙ ምስል አለና። ለባደን ከ1810 እስከ 1870 ያሉት የአጥቢያ መጽሐፎች ሁለተኛ ቅጂዎች በግዛቱ ቤተ መዛግብት በነጻ ተለቅቀዋል። ከራይን ወንዝ በስተምዕራብ ያለው አገር በፈረንሳይ እጅ ስለነበር የመንግሥት ምዝገባ እዚያ በ1798 ገደማ ተጀምሯል፤ የፕፋልትስና የራይንላንድ ቤተሰብ የሚፈልግ ሰው ይህን ዕድል ሊዘነጋው አይገባም።

በኢንተርኔት ያልተለቀቀ ከሆነ ለአጥቢያው ቢሮ ወይም ለሀገረ ስብከቱ ቤተ መዛግብት በጀርመንኛ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። ከቀድሞዎቹ የጀርመን ምሥራቃዊ ግዛቶች የወጡ የፕሮቴስታንት መጽሐፎች ከፊሎቹ በበርሊን የወንጌላውያን ማእከላዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ ሌሎቹ በፖላንድ መንግሥት ቤተ መዛግብት ናቸው። በደብዳቤው አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ መንደር ብቻ ይጠይቁ፤ «ስለ ቤተሰቤ ያላችሁን ሁሉ ላኩልኝ» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም። ክፍያ እንዳለው ይጠይቁ፤ ከሌለም ለአጥቢያው ስጦታ እንደሚልኩ ይግለጹ።

የእጅ ጽሕፈቱን ማንበብ

መጽሐፎቹ የተጻፉት ኩረንት በሚባል የድሮ ጀርመን እጅ ጽሕፈት ነው፤ ዛሬ ያለ ተራ ጀርመናዊም አያነበውም። «ኢ» (e) የሚባለው ፊደል «ኤን»ን (n) ይመስላል፤ «ዩ» (u) ከ«ኤን» የሚለየው በላዩ ላይ በሚደረግ ትንሽ ቀስት ነው፤ በ«ኤም» ወይም በ«ኤን» ላይ የተሰመረ መስመር ፊደሉ ድርብ መሆኑን ያሳያል፤ ረጅሙ «ኤስ» ከ«ኤች» እና ከ«ኤፍ» ጋር ይደባለቃል። የሰው ስም ግን አንዳንዴ በላቲን ፊደል ለብቻው ጎልቶ ይጻፋል፤ ይህ ገጹን በፍጥነት ለማሰስ ይረዳል።

ፊደሉን ከመጽሐፍ ከማጥናት ይልቅ ከቄሱ እጅ መማር ይሻላል። አንድ ገጽ ከፍተው የታወቁትን ቃላት ይለዩ፤ የወራቱን ስም፣ በየሁለት መስመሩ የሚመጣውን «ዮሃን»ን፣ «ማሪያ»ንና «አና»ን፣ የመንደሩንም ስም። ከእነዚህ ቃላት ፊደላቱን አንድ በአንድ እያወጡ በወረቀት ላይ የዚያን ቄስ ፊደል ገበታ ይሥሩ። ቄሱ ሲሞት ወይም ሲዛወር እጁ ስለሚለወጥ ገበታው እንደገና ይሠራል። አስቸጋሪ የቤተሰብ ስም ሲገጥም በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የዚያን ቤተሰብ ሌላ ልጅ ጥምቀት ፈልጎ ማነጻጸር ከማጉያ መነጽር ይበልጣል።

የካቶሊክ መጽሐፎች በአብዛኛው በላቲን የተጻፉ ናቸው፤ ቃላቱ ጥቂት ስለሆኑ ግን ይቀላል። ስሞቹ በሰዋስው ስለሚረቡ «ዮአኒስ» እና «ዮአነም» ያው ዮሃነስ መሆኑን ማስታወስ ብቻ ይበቃል።

ቀኑ እንዴት እንደተጻፈም ይመልከቱ። ከ7 ቀጥሎ «ቤር» የሚል ካለ ሴፕቴምበር ነው እንጂ ጁላይ አይደለም፤ 8 ኦክቶበር፣ 9 ኖቬምበር፣ 10 ዲሴምበር ነው። ቀኑ በበዓል ስም ብቻ ሊጻፍም ይችላል፦ የዐቢይ ጾም ሰንበቶች ኢንቮካቪት፣ ሬሚኒሸሬ፣ ኦኩሊ፣ ሌታሬ፣ ዩዲካ እየተባሉ ይጠራሉ፤ ከትንሣኤ በኋላም የየሰንበቱ ስም አለ። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ እያለ ሰንበት መቁጠር ለለመደ አንባቢ ይህ አይከብድም፤ የዚያን ዓመት ትንሣኤ ቀን ማወቅ ብቻ ያስፈልጋል። ካቶሊኩ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር የተቀበለው ከ1582 ጀምሮ ሲሆን፣ አብዛኛው ፕሮቴስታንት ግን እስከ 1700 ቆይቶ ፌብሩዋሪ 18ን በማርች 1 አስከትሎ ተቀላቅሏል። በዚህ ምክንያት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ጎረቤት መንደሮች በዐሥር ቀን ሊለያዩ ይችላሉ።

ጥምቀት፣ ጋብቻ፣ ቀብር

የጥምቀት መዝገብ በተለምዶ የልደቱንና የጥምቀቱን ቀን፣ የልጁን ስም፣ የአባቱን ስምና ሥራ፣ የእናቱን ስም ከአባቷ ቤት ስም ጋር፣ መጨረሻም የክርስትና አባትና እናቶችን ይይዛል። እነዚህን የመጨረሻዎቹን አይዝለሏቸው። የክርስትና አባት አብዛኛውን ጊዜ የአባት ወይም የእናት ወንድም ወይም የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከሌላ መንደር የመጣ ከሆነም መንደሩ ይጻፋል፤ እናቲቱ ከየት እንደተዳረች የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። የልጁ መጠሪያም ብዙውን ጊዜ ከክርስትና አባቱ ይወሰዳል።

በስም ረገድ ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛው፣ በአንድ ቤት ያሉ ወንዶች ልጆች ሁሉ ዮሃን ሊባሉ ይችላሉ፤ የሚጠሩት በሁለተኛው ስም ነው። አሜሪካ ውስጥ ጆርጅ የተባለው ሰው በመዝገቡ ዮሃን ጌኦርግ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው፣ የሴት የቤተሰብ ስም መጨረሻው ላይ «ኢን» ይጨመርበታል፤ ሙለሪን የተባለችው የሙለር ልጅ ናት። በምሥራቅ ፍሪዝላንድ እስከ 1811 ድረስ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ስለነበር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ በዌስትፋሊያ ግን ባል በሚስቱ እርሻ ከገባ የእርሻውን ስም ይወስድ ነበር፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሐረጉን ሳያስበው በሚስት ወገን ይቀጥላል።

ጥምቀቱን ሲያገኙ ሥራው ተጠናቀቀ ብለው አይዝጉ። ወዲያውኑ ከጥምቀቱ ቀን ጀምሮ የቀብር መዝገቡን ይመልከቱ፤ ሕፃናት በብዛት ይሞቱ ስለነበርና ቀጥሎ ለሚወለደው ያንኑ ስም መስጠት የተለመደ ስለነበር፣ ያገኙት ልጅ በሁለት ዓመቱ ሞቶ አሜሪካ የሄደው ታናሽ ወንድሙ ሊሆን ይችላል። እኔ እስከማውቀው ድረስ በኢንተርኔት ላይ የተበተኑት የቤተሰብ ዛፎች ዋነኛ ስሕተት ይህ ነው።

አባቱ ያልተጻፈ ልጅ ቢያጋጥም አይደንግጡ። በባቫሪያና በሌሎች ደቡባዊ ግዛቶች ድሀ ሰው እንዳያገባ ሕግ ይከለክል ስለነበር ብዙ ልጆች ከጋብቻ ውጭ ተወልደው በእናታቸው ስም ተመዝግበዋል፤ ወላጆቹ በኋላ ሲጋቡ ቄሱ በዳር ላይ ይጨምራል። በአንዳንድ መጽሐፍ እንዲህ ያለው ጥምቀት ተገልብጦ ሊጻፍም ይችላል። የገጹን ኅዳግ ሁልጊዜ ያንብቡ፤ «ወደ አሜሪካ» የሚለውም ማስታወሻ የሚገኘው እዚያው ነው።

ከትውልድ ወደ ትውልድ መሻገር

ወደ ኋላ የሚኬደው ከጥምቀት ወደ ወላጆች ጋብቻ፣ ከጋብቻ ወደ ሁለቱ ተጋቢዎች ጥምቀት ነው። ከመጀመሪያው ልጅ ጥምቀት ጀምሮ አንድ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄደው ጋብቻውን ይፈልጉ፤ ካላገኙ በሙሽራይቱ አጥቢያ ይመልከቱ። የጋብቻው መዝገብ የተጋቢዎቹን አባቶች ስም፣ ሥራና መንደር ስለሚይዝ ሁለት ትውልድ በአንድ ላይ ያስተሳስራል። በአንድ መንደር ሁለት ስም ተጋሪዎች ሲኖሩ የሚለያቸው ሥራቸው ነው፤ ሸማኔው አንዱ፣ ቀን ሠራተኛው ሌላው። ሥራው ካልለየ በልጆቻቸው የክርስትና አባቶች ይለዩዋቸው።

በዉርተምበርግ ያለ ቤተሰብ ዕድለኛ ነው። ከ1808 ጀምሮ ቄሶቹ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ገጽ መድበው ወላጆችን፣ ልጆችን፣ የቀናቱን ዝርዝርና ስደቱን ጭምር እንዲመዘግቡ ታዘዋል። ለሌላው አካባቢም በአጥኚዎች የተዘጋጁ የመንደር ቤተሰብ መጽሐፎች አሉ፤ መንገድ ያሳያሉ፤ ቢሆንም እያንዳንዱ ቀን ከዋናው መዝገብ ጋር መመሳከር አለበት።

ለያገኙት ሁሉ የአጥቢያውን ስም፣ የመጽሐፉን ዓመታት፣ የገጹንና የምስሉን ቁጥር ይጻፉ፤ ምስሉንም ያስቀምጡ። ያልተረጋገጠውን ግንኙነት በጥያቄ ምልክት ይተዉት።

መዝገቡ ሲቋረጥ

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ምዝገባን በትሬንት ጉባኤ በ1563 አዝዛለች፤ አንዳንድ የፕሮቴስታንት አጥቢያዎችም በዚያው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ከፍተዋል። ሆኖም ከ1618 እስከ 1648 የተካሄደው የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት መንደር ከነቤተ ክርስቲያኑ ያቃጠለ ስለሆነ፣ የብዙ አጥቢያ መጽሐፍ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ባዶ መንደሮችን እንዲሞሉ ከስዊዘርላንድ የመጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ በፕፋልትስ ወይም በክራይሽጋው አንድ ስም በ1650ዎቹ ድንገት ብቅ ካለ በጋብቻው ወይም በቀብሩ ላይ የበርን ወይም የዙሪክ ግዛት መጠቀሱን ይፈትሹ።

ዋናው መጽሐፍ ተቃጥሎ ከሆነ ለፍርድ ቤት ወይም ለግዛቱ መንግሥት ይላክ የነበረው ሁለተኛ ቅጂ ሊኖር ስለሚችል ከአጥቢያው ሳይሆን ከግዛቱ ቤተ መዛግብት ይጠይቁ። ቅጂውም ከሌለ የቀረው የግብር፣ የርስትና የፍርድ ቤት መዝገብ ነው፤ እነዚህ ከዓለማዊ ቤተ መዛግብት የሚጠየቁ ሲሆን፣ የቤቱን ጌታና የወራሾቹን ስም እንጂ የልደት ቀን አይሰጡም።